በመንግሥት ግዥ ላይ መመሳጠርና ማጭበርበር ሲጠረጠር፦ ከጎንደር ሆኖ ለየትኛው አካል ማመልከት ይሻላል?

በጎንደር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ በመንግሥት በጀት በሚሠራ መንገድ፣ በሚገነባ ትምህርት ቤት ወይም በሚገዛ የቢሮ ዕቃ ላይ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም «ፀረ ሙስና» ነው። ይህ በር ዋነኛው ቢሆንም ለሁሉም ጉዳይ ትክክለኛው አይደለም። ከጨረታ ያላግባብ ወድቋል ብሎ የሚያምንና ውሉ ከሌላው ጋር እንዳይፈረም የሚፈልግ ተጫራች፣ በግዥ ክፍል ውስጥ የሚሠራና ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ሠራተኛ፣ በሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ክረምቱን ሳይሻገር ሲነሳ ያየ ነዋሪ ስለ አንድ ዓይነት ጥፋት ሊናገሩ ይችላሉ፤ ሊሄዱበት የሚገባው ቦታ ግን ይለያያል። ምርጫውን የሚወስኑት ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ አመልካቹ የሚፈልገው ውጤት ምን እንደሆነ፣ እና ራሱ የቆመበት ቦታ ምን ያህል ለአደጋ እንደሚያጋልጠው ነው። ከእነዚህ ይበልጥ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። ጨረታው እንዲቆም የሚፈልግ ሰው የወንጀል ጥቆማ ሰጥቶ መልስ ሲጠብቅ የአቤቱታው ጊዜ ያልፍበታል፤ ጥፋተኛው እንዲጠየቅ የሚፈልግ ደግሞ አቤቱታውን ለዚያው ለተጠረጠረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አስገብቶ ማስረጃው እንዲጠፋ ዕድል ይሰጣል።

የጥርጣሬው ዓይነት

መጀመሪያ ያዩት ነገር ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። አንደኛው ተጫራቾች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ስምምነት ነው፤ ዛሬ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌሎቹ ለማሟያ ከፍ ያለ ዋጋ ያስገባሉ፣ በሚቀጥለው ጨረታ ተራው ይለወጣል። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ያለበት ነው፤ የቴክኒክ መስፈርቱ አንድ ድርጅት ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ ይጻፋል፣ የሌሎች ዋጋ አስቀድሞ ይነገራል፣ ወይም ትልቁ ግዥ ጨረታ እንዳይወጣበት ተቆራርጦ በፕሮፎርማ (ከጥቂት ነጋዴዎች በተሰበሰበ የዋጋ ማቅረቢያ) ይገዛል። ሦስተኛው ውል ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ያልተሠራ ሥራ በክፍያ ሰርተፊኬት ላይ እንደተሠራ ይሞላል፣ የብረቱ ውፍረት ወይም የሲሚንቶው መጠን ይቀንሳል፣ ያልቀረበ ዕቃ ገቢ እንደሆነ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥለታል።

መመሳጠርን የሚያሳብቀው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ቁጥር ሳይሆን ትንሹ ግድፈት ነው። እንበልና ሦስት ተጫራቾች በዋጋ ዝርዝራቸው በአንዱ ተራ ቁጥር ሥር 36 ሜትር ኩብ ሥራ በ4,850 ብር ሂሳብ አስገብተዋል። ትክክለኛው ድምር 174,600 ብር ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ግን 176,400 ብለው ከጻፉ፣ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቢሮ ተቀምጠው እነዚያኑ ሁለት አኃዞች አቀያይረዋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በቀላሉ የሚታመን አይደለም። አንዱ የሌላውን ፋይል ገልብጧል ወይም አንድ እጅ ሁለቱንም ሞልቷል። በተመሳሳይ መንገድ ማኅተማቸው የተለያየ ሆኖ የፊደል ስህተታቸው አንድ የሆነ ፕሮፎርማዎች፣ ከአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በአንድ ቀን በተከታታይ ቁጥር የወጡ ሲፒኦዎች (ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዙ የባንክ ክፍያ ማዘዣዎች)፣ ወይም በጨረታው የተሸነፈው ድርጅት ከአሸናፊው ዘንድ ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ መገኘቱ በቀላሉ የሚታለፉ ምልክቶች አይደሉም። ብቻቸውን ግን ወንጀል አያስረዱም። በጎንደር የጨረታ ዋጋ አዘጋጅ ሆነው ለብዙ ተቋራጮች የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ አንድ ባለሙያ ለሁለት ተጫራቾች ሰነድ አዘጋጅቶ ከሆነ ጥፋት ቢሆንም የመሥሪያ ቤቱ ሰው እጁን አስገብቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ያዩትን እንጂ የደመደሙትን አይጻፉ።

ገንዘቡ የማን ነው?

የጎንደር ከተማ አስተዳደርና የዞን መምሪያዎች ግዥ የሚመራው በአማራ ክልል የግዥ ሕግ ሲሆን፣ ኦዲት የሚያደርገው የክልሉ ዋና ኦዲተር፣ ጥቆማ የሚቀበለውም የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ግን በከተማው መሀል ቢገኙም የፌዴራል ተቋማት ስለሆኑ ግዥያቸው በፌዴራል አዋጅ ይገዛል፤ የመገጭ ግድብና የፌዴራል መንገዶችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን የማነሳው ለምሳሌ እንጂ ጥርጣሬ አለባቸው ለማለት አይደለም። የተሳሳተ በር ያንኳኳ ሰው ጉዳዩ አይጠፋበትም፤ በመሸኛ ደብዳቤ ወደ ሌላው ይላካል። ሆኖም ደብዳቤው በሚንከራተትባቸው ሳምንታት ፋይሉን የሚያዩት ሰዎች ቁጥር ይጨምራል፤ ሁሉም በዕድር፣ በዕቁብ ወይም በማኅበር በሚገናኝበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የገንዘቡን ባለቤት ለማወቅ በሥራው ቦታ የተተከለው ሰሌዳ ይበቃል። አሠሪው፣ ተቋራጩ፣ አማካሪ መሐንዲሱ፣ ብዙ ጊዜም የገንዘቡ ምንጭ ይጻፍበታል። ሰሌዳው ከሌለ ወይም ከወደቀ፣ የጨረታ ማስታወቂያው የወጣበት ጋዜጣ ይነግርዎታል፤ የክልል መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ በበኵር፣ የፌዴራሉ ደግሞ በአዲስ ዘመን ተፈልጎ ይገኛል።

ጨረታውን ማስቆም ወይስ ጥፋተኛውን ማስጠየቅ?

ተጫራች ከሆኑና የሚፈልጉት ውሉ ሳይፈረም ውጤቱ እንዲመረመር ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻለው የግዥ አቤቱታ ነው። አቤቱታው የሚጀምረው ከዚያው ግዥውን ከፈጸመው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ሲሆን፣ በመልሱ ያልረካ ወይም በጊዜው መልስ ያላገኘ ተጫራች ወደሚቀጥለው የአቤቱታ ሰሚ አካል ይሄዳል። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ሥራውን ሊያስቆም የሚችል መሆኑ ነው፤ ትልቁ ጉድለቱም ሰዓቱ አጭር መሆኑ ነው። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሥር የነበረው የማመልከቻ ጊዜ 5 የሥራ ቀናት ብቻ ነበር። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ስለተተካ፣ የክልሉም የራሱ ሕግ ስላለው፣ ቀኑን ከጓደኛ ከመስማት ይልቅ በእጅዎ ካለው የጨረታ ሰነድ «ለተጫራቾች የተሰጠ መመሪያ» ከሚለው ክፍል ያንብቡ። ቆጠራው የሚጀምረው ውጤቱ ከተገለጸበት ወይም ጥፋቱን ካወቁበት ቀን ስለሆነ፣ የውጤት ደብዳቤውን የተቀበሉበትን ቀን በፊርማ ያስመዝግቡ።

ይህ መንገድ ለነዋሪ ወይም ለሠራተኛ አይሆንም፤ አቤቱታ የማቅረብ መብት የተጫራቹ ነው። ለተጫራቹም ቢሆን የሚያስገኘው ግምገማው እንዲታረም እንጂ ማንም ሰው በወንጀል እንዲጠየቅ አይደለም። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ለየብቻ ማቅረብ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በአቤቱታው ላይ ግን ስለ ግምገማው ስህተት ብቻ ይጻፉ፤ ስለ ጉቦ ያለዎትን መረጃ ለጥቆማው ያቆዩት። አቤቱታው የሚነበበው በተጠረጠሩት ሰዎች ጭምር ነው።

ኮሚሽን፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ

ብዙ ሰው የፀረ ሙስና ኮሚሽን መርምሮ የሚያስር፣ ከስሶ የሚያስፈርድ አካል ይመስለዋል። ኮሚሽኑ በ1993 ሲቋቋም እንዲህ ነበር። ከ2008 ወዲህ ግን በፌዴራል ደረጃ የሙስና ምርመራው ለፖሊስ፣ ክሱም ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይባል ለነበረው፣ አሁን ፍትሕ ሚኒስቴር ለሆነው አካል ተላልፏል። ኮሚሽኑ እንደገና በተቋቋመበት በአዋጅ ቁጥር 1236/2013 መሠረት ዋና ሥራው መከላከል፣ የሥነ ምግባር ትምህርት፣ የሀብት ምዝገባና የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር መፈተሽ ነው፤ ጥቆማ ይቀበላል፣ ይለያል፣ ለመርማሪው ያስተላልፋል።

ይህ ለምርጫው ትርጉም አለው። ጥፋቱ ገና እየተፈጸመ ከሆነና በግዥ አሠራሩ ውስጥ ሊታረም የሚችል ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ግዥው ገና ተቆራርጦ በፕሮፎርማ ሊፈጸም በዝግጅት ላይ ከሆነ፣ ኮሚሽኑ ከፖሊስ ይሻላል፤ ማስጠንቀቅና አሠራሩን መፈተሽ ይችላል፣ ፖሊስ ግን ገና ያልተፈጸመ ነገር ሲነገረው የሚይዘው ፋይል የለውም። ገንዘቡ ተከፍሎ ካለቀና ማስረጃው በእጅ ካለ ደግሞ ኮሚሽኑ ዘንድ መሄድ አንድ ደረጃ መጨመር ነው፤ ማንኛውም ሰው በቀጥታ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል። እኔ ብመርጥ፣ ሰነድ ያለበትን ጉዳይ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ሰነድ የሌለበትን፣ ግን በቦታው ቢፈተሽ ሊገኝ የሚችለውን ለኮሚሽኑ እሰጣለሁ።

የክልሉ ኮሚሽን ዋና ቢሮ ባሕር ዳር ነው። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት የመኪና ጉዞው በየጊዜው ተቋርጧል። ስለዚህ በአካል መቅረብ ለማይቻለው ሰው በስልክ ማሳወቅና ሰነዱን በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ደብዳቤ) መላክ ይቀራል። ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ የተላከ ደብዳቤ የመላኪያ ደረሰኝ ይኖረዋል፤ ይህ ደረሰኝ «ማመልከቻው አልደረሰንም» ለሚል መልስ በቂ መከላከያ ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማመልከት

በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች የተቋቋሙት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 144/2000 ነው፤ በክልል መሥሪያ ቤቶችም ተመሳሳይ ክፍል አለ። ቅርብ ናቸው፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ያውቃሉ፣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ወይም ዝቅተኛ ባለሙያ ያጎደለውን ነገር ፈጥነው ሊያጣሩ ይችላሉ። ነገር ግን የክፍሉ ተጠሪነት ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። ጥርጣሬው ወደ ኃላፊው፣ ወደ ግዥ ኮሚቴው ወይም ወደ ፋይናንስ ኃላፊው የሚያመለክት ከሆነ፣ ይህን በር ማንኳኳት ለተጠርጣሪው ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ባለሙያው ታማኝ ቢሆንም ነገሩ አይለወጥም፤ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለማን እንደሆነ ያስቡ።

ሌሎቹ በሮች

ዋና ኦዲተር ለግለሰብ ጥቆማ ቶሎ መልስ የሚሰጥ አካል አይደለም፤ የሚሠራው በዓመታዊ ዕቅድ ነው። ሆኖም ለሦስተኛው ዓይነት ጥፋት፣ ማለትም ላልተሠራ ሥራ ክፍያ፣ ከእርሱ የተሻለ ዐይን የለም፤ ሪፖርቱም ለምክር ቤት ስለሚቀርብ ዝም ብሎ አይቀበርም። ጥቆማዎ በኦዲት ዕቅዱ ውስጥ የሚፈተሸውን መሥሪያ ቤት ካመላከተ ሥራውን አቃለሉት ማለት ነው።

ተጫራቾች ብቻ ተመሳጥረው የመሥሪያ ቤቱ ሰው የሌለበት ከሆነ፣ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በጨረታ መመሳጠርን ይከለክላል፤ ይህን የሚያስፈጽመው አሁን የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ቅጣቱ በዋናነት የገንዘብ ነው። በጎንደር ደረጃ ለሚደረግ ትንሽ ግዥ ይህን መንገድ አልመርጠውም።

ሐሰተኛ ደረሰኝ ወይም ያልተከፈለ ቫት ካለበት ግን የታክስ መንገዱ ችላ የሚባል አይደለም። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ተጨባጭ መረጃ ለሰጠ ሰው ታክሱ ሲሰበሰብ ከተሰወረው ታክስ እስከ 20 በመቶ ድረስ ወሮታ እንዲከፈል ፈቅዷል። ግዥ ላይ የሚያጭበረብር ተቋራጭ ደረሰኙም ንጹሕ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

የውጭ ገንዘብ ያለበት ሥራ

ጎንደር በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄዱ የከተማ ልማት ፕሮግራሞች ከታቀፉ ከተሞች አንዷ ናት። በሰሌዳው ላይ የዓለም ባንክ ወይም የአፍሪካ ልማት ባንክ ስም ካለ፣ እነዚህ ባንኮች የየራሳቸው የመርማሪ ክፍል አላቸው፤ ጥቆማ የሚሰጠው ሰው ስሙን ሳይገልጽ ማመልከትም ይችላል። የዓለም ባንክ ሙስናን፣ ማጭበርበርን፣ መመሳጠርን፣ ማስገደድንና ምርመራን ማደናቀፍን ለየብቻ ጥፋት አድርጎ ይቀጣል። ማንንም አያስርም፤ ድርጅቱን ግን በባንኩ ገንዘብ ከሚደረግ ጨረታ ሊያግደው ይችላል። ከ2002 ጀምሮ በአምስት የልማት ባንኮች መካከል ባለው ስምምነት የአንዱ እገዳ መስፈርቱን ካሟላ በሌሎቹም ይጸናል። ለትልቅ ተቋራጭ ይህ ከእስር ያላነሰ ያስፈራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይሉ በከተማው ውስጥ አይዞርም፤ ለዚህ ብቻ ሲባል የውጭ ገንዘብ ያለበትን ጉዳይ በዚህ በር ማስጀመር እመርጣለሁ። ባንኩ ያገኘውን ለአገር ውስጥ የፍትሕ አካል የሚያስተላልፍበት አሠራርም አለ። ጉድለቱ ጊዜ መውሰዱ ነው፤ የነገውን የውል ፊርማ አያስቆምልዎትም።

ጥበቃው የት ድረስ ነው?

የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን መደበቅን፣ የአካል ጥበቃን፣ የመኖሪያ ቦታ መለወጥን፣ ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን የመሳሰሉ የጥበቃ ዓይነቶችን ዘርዝሯል። ግን ለሁሉም ጠቋሚ የሚሰጥ አይደለም። ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ፣ በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ የማይችልና በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ላይ ከባድ አደጋ የሚያስከትል መሆን አለበት። ጥበቃውም ተጠይቆ፣ ስምምነት ተፈርሞ የሚገኝ ነው። ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት የወንበር ግዥ ይህ ጥበቃ ይደረግልኛል ብሎ መነሳት ስለማያዋጣ፣ ለአብዛኛው ሰው እውነተኛው ጥበቃ ስሙን ለጥቂት ሰው ብቻ ማሳወቁ ነው።

ስም ሳይገልጹ መጠቆም ይቻላል፤ ዋጋው ግን አለው። መርማሪው ተመልሶ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለው ደብዳቤው ራሱ ሁሉንም መንገር አለበት፤ የጨረታው ቁጥር፣ የተከፈተበት ቀን፣ ሰነዱ በየትኛው ክፍል በየትኛው ፋይል እንደሚገኝ። «በከተማው ሌብነት በዝቷል» የሚል ስም አልባ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አያልፍም።

ሰዎች በሐሰት ክስ እጠየቃለሁ ብለው ይፈራሉ። የወንጀል ሕጉ የሚቀጣው አንድ ሰው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ የሚከሰውን ነው፤ ባየው ነገር ተመርኩዞ በቅን ልቦና የጠቆመና የተሳሳተ ሰው በዚህ አይወድቅም። ፌስቡክ ላይ ስም ጠርቶ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ስም ማጥፋት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ልጥፉ በወጣ ማግስት ፋይሉ ከመደርደሪያው ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉም መንገዶች ይህን ብቻ በፍጹም አልመክርም፤ ቢያንስ መርማሪው ሰነዱን ከመያዙ በፊት።

ማስረጃውን ስለ መያዝ

በሥራዎ ምክንያት በሕጋዊ መንገድ የደረሰዎትን ቅጂ ይያዙ፤ የማይመለከትዎትን ቁም ሣጥን አይክፈቱ። ዋናውን ሰነድ ማውጣት ጉዳዩን ያበላሸዋል፤ የት እንዳለ መጻፍ ይበቃል፣ ማውጣቱ የመርማሪው ሥራ ነው። ቅጂ ሲያስነሱ ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይራቁ፤ ያ ቤት የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች በሙሉ በስማቸው ያውቃል፣ ማሽኑም ላይ የረሱት አንድ ገጽ ከእርስዎ ቀድሞ ቢሮ ሊገባ ይችላል። አዘዞ ወይም ማራኪ ድረስ መሄድ አይክበድዎት። የግንባታ ጉድለት ከሆነ ፎቶውን ከሜትር ጋር ያንሱት፤ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት የተነሳ የብረት ፎቶ በኋላ ከሚጻፍ አሥር ገጽ ይበልጣል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ያዩትን በአንድ አንቀጽ፣ የሰሙትን ከማን እንደሰሙ ጠቅሰው በሌላ አንቀጽ ይለያዩት። በአካል ካስገቡ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም በቅጂዎ ላይ ያስመቱ። በአንድ ወር ውስጥ ምንም ካልሰሙ ያንኑ ቁጥር ጠቅሰው ይጠይቁ። መልስ ማጣቱ ከቀጠለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዝምታ ራሱን የቻለ የአስተዳደር በደል ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላለው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል፤ ተቋሙ ሙስናውን አይመረምርም፣ ማመልከቻዎ ለምን መልስ እንዳላገኘ ግን መጠየቅ ይችላል።